«የተማረ ይግደለኝ»፦ ሥልጣን በፈተና ቢሰጥ የመንዝና የመርሐቤቴ ልጅ የት ይገባል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይወጣል። «ተማሪው 50 በመቶ ካላመጣ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ተባለ። እሺ። የወረዳው አስተዳዳሪስ ስንት አመጣ? ሚኒስትሩስ? እነሱም ይፈተኑ!»

ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል የብቃት ፈተና አስፈትኖ ነበር። ዳይሬክተሮችና ቡድን መሪዎች ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥቡን ሳያመጡ ቀሩ። ያኔ ሰዉ ምን አለ? «ድሮም እናውቅ ነበር!»

ነገሩን ትንሽ ከፍ እናድርገው። ቢሮ ጸሐፊው፣ መሐንዲሱ፣ ቀረጥ ሰብሳቢው ይፈተን፣ በዚህ ብዙ ክርክር የለም። የፖለቲካ ሥልጣን ራሱስ? ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ በጉብዝና፣ በዲግሪ፣ በፈተና ውጤት መመለስ አለበት?

አያቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። አባባሉን እስቲ ዛሬ ቆም ብለን እንየው። ምሳሌውን ደግሞ ከሩቅ አናመጣም። የሸዋ መንግሥት ከተነሳበት ደጋ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ እንጀምራለን።

▪️ በመጀመሪያ፣ «ይፈተኑ» የሚለው ወገን እውነት አለው

ይሄን ሐሳብ ማናናቅ አይገባም። አንድ ወጣት አራት አምስት ዓመት ተምሮ፣ ጥሩ ነጥብ ይዞ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሲውል፣ ከእሱ ያነሰው ደግሞ በዘመድ ወይም በፓርቲ አባልነት ወንበር ይዞ ሲያይ ቢናደድ ምን ይገርማል? የማያውቅ ሰው ሥልጣን ላይ ሲወጣ ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ አይደለም። ማዳበሪያ በወቅቱ ያልደረሰው ገበሬ ነው። ተጀምሮ በቀረ መንገድ ምክንያት ሆስፒታል ሳትደርስ የምትወልደው እናት ናት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። ሹመት ሥራ ሳይሆን ገበታ ሲሆን ሰዉ ብቃት ይናፍቃል። ልክ ነው።

ግን «ጎበዝ ይግዛን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጎበዙን ማን ይለየዋል የሚለው ሌላ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

▪️ ደም፣ ቅርበት፣ የንጉሥ ዓይን

የሸዋ ነገሥታት ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከመንዙ ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። ሥልጣን በደም ነበር ማለት ነው። ግን ደም ራሱ ሁሌ አይሠራም ነበር።

በ1805 ዓ.ም. አካባቢ መርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድ ሲገደሉ ታላቁ ልጅ በኩሬ መርሐቤቴ ነበር። ወደ ዋናው ከተማ ቁንዲ ለመምጣት ዘገየ። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ገና ወጣት ነበር፤ ግን ፈጠነ። የእናቱ የወይዘሮ ዘነበወርቅ ዘመዶች መንዜዎች ነበሩ፣ የታሪክ ሰዎችም የእነሱ ድጋፍ ሳይረዳው እንዳልቀረ ይናገራሉ። ሥልጣኑን ያዘ። ከ30 ዓመት በላይም ገዛ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ውል ተፈራረመ። የምኒልክ አያት ነው።

ሣህለ ሥላሴ ከወንድሙ ይበልጥ ብቁ ነበር? ሊሆን ይችላል። ግን የተመረጠው ብቁ ስለነበር አይደለም። ቀድሞ ስለደረሰና ከጀርባው ሰው ስለነበረው ነው። የመንዝ ገበሬ ደግሞ ሁለቱንም አልመረጠም።

ቀጥሎ የምኒልክን ዘመን እንይ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን በችሎታቸው ተነስተው በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ ነበሩ። «አባ መላ» የተባሉት በከንቱ አይደለም። ይሄ ንጹሕ የብቃት ታሪክ ነው፦ ዘር ሳይሆን ጭንቅላት።

ግን ልብ በሉ። ብቃታቸውን ያየው ማነው? ንጉሡ። ሊሽራቸው የሚችለውስ? ንጉሡ። ጉብዝናቸው ለዙፋኑ ተመዘነ እንጂ በጭሰኛው ሚዛን አልተመዘነም። ስለዚህ አንድ ሰው በችሎታው ተሾመ ማለት ሕዝቡ አለቃ አገኘ ማለት እንጂ ሕዝቡ ድምፅ አገኘ ማለት አይደለም።

▪️ «ሕዝቡ ገና አልደረሰም»

በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አወጣች። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በሰሜን ሸዋ ሲያደብር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው። በዘመኑ ከነበሩት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ግንባር ቀደሙ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን ደግሞ ለጊዜው፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡለታል ተባለ።

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሕዝቡ አልበቃም፣ ስለዚህ የበቁት ይምረጡለት። ይሄ የብቃት ክርክር ራሱ ነው። ሕዝቡ መብቃቱን የሚመሰክረውስ ማን ነው? አልበቃም ያሉት ሰዎች። ፈታኙም፣ አራሚውም፣ ወንበሩን የያዘውም አንድ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና ማለፊያ ነጥብ የለውም።

ሕዝቡ የምክር ቤት አባል መምረጥ የጀመረው ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ያም ሆኖ ፓርቲ የለም፣ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልጋል፣ ዋናው ሥልጣንም ቤተ መንግሥት ነው። «ለጊዜው» የተባለው ነገር ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ በአንድም በሌላም መልክ ቆየ።

ዛሬም «ይሄ ሕዝብ መች ለዴሞክራሲ ደረሰ?» የሚል ሰው ስትሰሙ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ።

▪️ ጎበዞቹ መርሐቤቴ ደረሱ

«እሺ፣ መኳንንቱ ይቅሩ። በእውነት የተማሩት ቢይዙትስ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ይሄም ተሞክሯል።

የ1960ዎቹ ተማሪዎች አገሪቱ ካፈራቻቸው ጎበዝ ልጆች የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከሺህ አንድ ነው። ብርሃነ መስቀል ረዳ ከዚያ ትውልድ መሪዎች አንዱ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ጠልፎ ሱዳን ገባ፣ በ1964 ዓ.ም. ኢሕአፓ ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነ። ሌላ ጎን ደግሞ መኢሶን ነበር፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ፈረንሳይ የተማረ የቋንቋ ምሁር ነው። ሁለቱም ወገን ማርክስን ያነበበ፣ ሁለቱም ለጭሰኛው የቆመ፣ ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ያለ ነው።

የተጣሉት በምን ነበር? አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። ይሄ ልዩነት ድምፅ ተሰጥቶበት ሊፈታ የሚችል ነበር፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ግን አልነበረም። ስለዚህ ጥይት መለሰው። ወታደሩ መሐል ገብቶ አንዱን በሌላው አስፈጀ፣ በኋላም ሁለቱንም ፈጀ።

ብርሃነ መስቀል በከተማው የትጥቅ ትግል ላይ ከፓርቲው አመራር ጋር ተለያየ። ከደጋፊዎቹ ጋር የመጨረሻ መሸሸጊያ ያደረገው መርሐቤቴን ነበር። እዚያው ተያዘ። እሱም ኃይሌ ፊዳም በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገደሉ።

ከዚህ ተነስቶ «ምሁር ነው ያጠፋን» ማለት ቀላል ነው፣ ግን ስሕተት ነው። ከሁለቱም በላይ የገደለው ብዙ ያልተማረው ደርግ ነው። እዚህ ጋ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ጉብዝና ሰዎችን ያስማማል ብለን እናስባለን፤ እውነታው ግን ሁለት እጅግ ጎበዝ ሰዎች ስለ አንድ ገበሬ ጥቅም ፍጹም ተቃራኒ ነገር ሊያምኑ ይችላሉ። ያኔ የሚያስፈልገው ከሁለቱ የበለጠ ጎበዝ ዳኛ አይደለም። ገበሬው ራሱ «እናንተ ሂዱ፣ እናንተ ቆዩ» የሚልበት መንገድ ነው።

▪️ ፈተናው ለማን ተሰጠ?

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በአገር ደረጃ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት አለ።

እነዚያ ትምህርት ቤቶች የት ያሉ ይመስላችኋል? ቦሌ አይደለም።

እስቲ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ አካባቢ ያለ ተማሪን አስቡ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝና ደብረ ሲና ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ፣ ሰሜን ሸዋም አላመለጠም። በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ፤ ለፈተና መቀመጥ ከነበረባቸውም ብዙዎቹ ጭራሽ አልተቀመጡም።

ይሄ ልጅ ደደብ ነው? በጭራሽ። ግን «ሥልጣን ለጎበዝ» የምንል ከሆነና ጉብዝናን የምንለካው በወረቀት ከሆነ፣ ይሄ ልጅ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። መጀመሪያ ትምህርቱን አጣ። ቀጥሎ ትምህርቱን ያሳጡትን ሰዎች የመምረጥና የመሻር ዕድሉን ያጣል፣ «አልተማርክማ!» ተብሎ።

እንዲያውም ስለተዘጋ ትምህርት ቤት ከማንም በላይ የሚያውቀው ይሄ ልጅ ነው። ወጡ ጨው እንደበዛበት ለመናገር ወጥ ሠሪ መሆን አያስፈልግም፤ መብላት ይበቃል። አርስቶትልም ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት የሚመስል ነገር ብሏል፦ ድግሱን ከአብሳዩ ይልቅ ተጋባዡ ይፈርደዋል።

▪️ ዲግሪ ግዴታ ያደረጉ አገሮች

ፓኪስታን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ጄኔራል ሙሻራፍ «ዲግሪ የሌለው ለፓርላማ አይወዳደርም» አሉ። አብዛኛው ሕዝብ ዲግሪ በሌለው አገር ማለት ነው። ምን ሆነ? ሐሰተኛ ዲግሪ ገበያ ወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጉን ሻረው፣ በ2010 ማስረጃ ሲጣራ ደግሞ የምክር ቤት አባላት በፎርጅድ ዲግሪ ተያዙ። ሕጉ አዋቂን ሊያመጣ ታስቦ አጭበርባሪን አመጣ።

እኛስ ዘንድ? ፎርጅድ ማስረጃ ምን ያህል ችግር እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ወረቀት የሥልጣን ቁልፍ ሲሆን ወረቀት ይሸጣል። በቃ።

ሌላም አለ። «ሜሪቶክራሲ» የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ማይክል ያንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፍ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መጽሐፉ ሙገሳ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ መሆኑን ነው። በፈተና የተመረጡ ገዢዎች «የሚገባን ነው» ብለው ሲያምኑ ከድሮ መኳንንት የባሰ ይኮራሉ፤ የታችኛው ሰው ደግሞ መከራከሪያ እንኳ ያጣል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

▪️ ጓሳ ምን ያስተምረናል?

መንዝ ግን መጥፎ ምሳሌ ብቻ የላትም። በዓለም ላይ የሚጠቀስ ጥሩ ምሳሌም አላት።

መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫማ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ በክፉ ቀን ከብት ያድናል። ይሄን ቦታ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። (ስሙ እንዳያምታታችሁ፣ ከቅርቡ የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር አይገናኝም።)

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦታው በአስቦና በጌራ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት አለቃ አለው፣ አባ ቄራ ይባላል። ሣሩ እንዲያገግም ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበት ቀን ተወስኖ በይፋ ይነገራል፤ ጥበቃው በተራ ነው፣ የሰረቀ ይቀጣል።

አባ ቄራ ዲግሪ አልነበረውም። ግን እውቀት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ሣሩ መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያጭበረብር ጠንቅቆ ያውቃል። ዋናው ነገር እውቀቱን የሚመዝኑት አብረውት የሚኖሩት ሰዎች መሆናቸው ነው። ሣሩ ካለቀ የእሱም ቤት ያፈሳል።

ቄሮ እንከን የለሽ ነበር ማለት አይደለም። መብቱ በትውልድ ሐረግ ነበር፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር አልቆጥርም ያለ ሰው ድርሻ የለውም። ይሄ ለዛሬ አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። መሬት ላጣው ፍትሕ ነበር፤ ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው? እውቀት ያስፈልጋል። ግን እውቀት ለሕዝብ የሚሠራው ሕዝቡ መራጭም ሻሪም ሲሆን ነው።

▪️ ሁለት ጥያቄ አታደባልቁ

እኛ እንደሚመስለን መልሱ ጥያቄውን ለሁለት መክፈል ነው።

👉 ሥራውን ማን ይሥራ? የመንገድ መሐንዲስ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የመሬት ባለሙያ፣ ኦዲተር። እዚህ ላይ ፈተና ይሰጥ፣ ማስረጃ ይጣራ፣ ዘመድም ፓርቲም ይውጣ። ያለ ርኅራኄ።

👉 ምን ይሠራ፣ ለማን፣ በማን ገንዘብ? ይሄ ፖለቲካ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ግሼ ይሂድ ወይስ ወደ ሚዳ የሚለው የፈተና መልስ የለውም። የሚመለሰው በድምፅ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ይሄን ልዩነት ያውቀዋል። አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲሰጥ ዲግሪ አይጠይቅም። አንቀጽ 74 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ከምክር ቤት አባላት ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች እንዲያቀርብ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ወረቀቱ ላይ አለ። የቀረው ሥራው ነው።

አሁን ያለው ችግር ሁለቱንም መገልበጣችን ነው። ብቃት የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ታማኝነት ይጠየቃል። ድምፅ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ደግሞ «እናንተ አታውቁም» ይባላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አዲስ ኃላፊ ወረዳችሁ ሲመጣ «ስንት ዲግሪ አለው?» ብቻ አትበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ያውቃል?
2. ማን ነው የመረጠው?
3. ካጠፋስ ማን ያነሳዋል?

የመጀመሪያውን ብቻ የሚመልስ ሰው ጥሩ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም የሚመልስ ግን መሪ ነው። አያቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ ከሁለት ክፉ ገዢ የተሻለውን መምረጣቸው ነበር። እኛ ግን ከዚያ በላይ መጠየቅ እንችላለን፦ የተማረ ያገልግለን፣ ካላገለገለ ደግሞ ይውረድ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በእናንተ ወረዳ ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ኃላፊ አለ?